«አልሄድም» ያለችው ድምፅ

«እርስዎ እኮ አልሄድም ብለዋል።»

አስረሳሽ ጆሮዋን አላመነችም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ይድነቃቸው የእርሻ ኩባንያው የቆቦ ቅርንጫፍ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው። የሚቀልድ ሰው አይደለም።

«የት ነው የማልሄደው?»

«መቂ። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊነት ለእርስዎ ደርሶ ነበር። ባለፈው ዓርብ ደውዬ ነገርኩዎት። አልሄድም አሉኝ።»

«እኔ?»

«በራስዎ ስልክ። ደግሜ ብጠይቅዎት ‹ከቆቦ ንቅንቅ አልልም› አሉኝ። ስለዚህ ስምዎ ተሰረዘ። ቦታው ለቀጣዩ ተረኛ፣ ለሙሀመድሰይድ ተሰጠ።»

«ዓርብ ዕለት ከማንም ጋር በስልክ አልተነጋገርኩም።»

ይድነቃቸው ቀና ብሎ አያት። «እንግዲያ እኔን ማን አነጋገረኝ?»

አስረሳሽ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

አስረሳሽ የላስታ ልጅ ናት። ቆቦ የመጣችው የኩባንያው ሽንኩርት ማሸጊያ ሲከፈት ነው፤ ከለቃሚነት ተነሥታ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰች። ባል አላገባችም፤ ልጅ አልወለደችም። በስተርጅና ከላስታ አምጥታ ያኖረቻት እናቷ አምና ሞተችባት። ዘንድሮ ደግሞ ማሸጊያው ተዘጋ።

ኩባንያው ግን ቋሚ ሠራተኞቹን እንዲያው አልበተናቸውም። የውስጥ ድልድል የሚባል ነገር አለ። ከሥራ የተቀነሰ ሰው ስሙን ያስመዘግባል፤ በሌላ ቅርንጫፍ ክፍት ቦታ ሲገኝ ከውጭ ሰው በፊት ይጠራል። እሺ ካለ ይሄዳል። እምቢ ካለ ግን ስሙ ይሰረዛል፣ ዳግመኛም አይጠራም።

ጥሪውን መጠበቁ ከሥራው ይልቅ አድክሟት ነበር። ጠዋት በለመደችው ሰዓት ትነቃለች። ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። መሄጃ የለም። አንዳንድ ቀን እግሯ ሳታዝዘው ማሸጊያው በር ድረስ ይወስዳታል። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ ዘበኛ እንኳ የለውም። አብረዋት ይሠሩ ከነበሩት ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ መተማ ሄዷል። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ የምትውልበት ጊዜ አለ። ምሽት ላይ ብቻ ከአከራይዋ ከእትዬ ተናኜ ጋር ለራት ትቀርባለች።

ከይድነቃቸው ቢሮ ወጥታ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«ምን ተሰረቀብሽ?» አለቻት ሳጅን መሠረት። አጭር፣ ንግግሯ የሚቆርጥ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት።

«ስሜ።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በደንብ ንገሪኝ።»

ነገረቻት። ሳጅኗ ስልኳን ተቀብላ ጥሪዎቹን ወደ ኋላ አየች። ጥሪው አለ። ዓርብ፣ ቀትር ላይ፣ ከኩባንያው የተደወለ። ተነሥቷል።

«ቀትር ላይ ስልክሽ የት ነበር?»

«ረዲ ሱቅ። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወዲህ ቻርጅ የምናደርገው እሱ ጋ ነው፤ ጄኔሬተር አለው። ጠዋት ሰጥቼ አመሻሽ ላይ ወሰድኩ።»

«የሚጠላሽ ሰው አለ?»

«የለም።» ጥቂት አሰበችና «እስከሚጠላኝ ድረስ የሚያውቀኝም የለም» አለች።

«በአንቺ መቅረት ማን ይጠቀማል?»

ለዚህ ማሰብ አላስፈለጋትም። «ሙሀመድሰይድ።»

ረዲ ፖሊስ ሲያይ የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ። ከጎኑ የሰው ስልክ በየገመዱ ተሰክቶ መደርደሪያው ላይ ተኮልኩሏል።

«ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ሄጄ ነበር» አለ። «ሱቁን ግን ባዶውን አልተውኩም። ሰው አስቀምጬ ነው።»

«ማንን?»

ረዲ አስረሳሽን አየና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። «የአክስቴን ልጅ ሀሊሜን።»

«የት ትገኛለች?»

«ዋጃ ናት። የሙሀመድሰይድ ሚስት ናት እኮ።»

ሳጅኗና አስረሳሽ ተያዩ። የዋጃ ሚኒባስ ለመሙላት ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር፤ ሁለቱ ገቡ።

መንገዱ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። አስረሳሽ ስለ ሙሀመድሰይድ ታስባለች። ማሸጊያው ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። እናቷ ስትሞት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። ይህን ሰው መጠርጠር ከበደሉ ይልቅ ቆረቆራት።

ዋጃ ሲደርሱ የሙሀመድሰይድ ደጃፍ ላይ አይሱዙ ቆሟል። አልጋ፣ ፍራሽ፣ የውኃ በርሜል ተጭኗል። ልጆቹ ዕቃው አናት ላይ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ።

«አስረሳሽ! እንዴት መጣሽ እህቴ?» ሙሀመድሰይድ እጁን ዘረጋ። ከኋላዋ ፖሊስ ሲያይ እጁ እዚያው ቀረ።

«ቦታዬን ይዘህ ልትሄድ ነው?»

«የምን ቦታሽን? አልሄድም ብላለች ተባልኩ። ወላሂ፣ እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«ከገረመህ ለምን መጥተህ አልጠየቅከኝም?»

ሙሀመድሰይድ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። «ፈራሁ» አለ። «ብጠይቅሽ ሐሳብሽን ትለውጪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሳጅኗ ወደ ሚስቱ ዞረች። ሀሊሜ ገመድ እንደያዘች ቆማለች።

«ዓርብ ረዲ ሱቅ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ስልክ ጮኸ?»

«ስንቱ ይጮሃል! አዎ፣ አንዱ ጮኸ።»

«አነሣሽው?»

«የሰው ስልክ ምን ብዬ? አንዲት ሴት ናት ያነሣችው።»

«ምን ዓይነት ሴት?»

«ከውስጥ ዘይት እየቀዳሁ ነበር። ‹ማነሽ?› ብላት ‹የልጄ ስልክ ነው› አለችኝ። እናት ናት ብዬ ዝም አልኩ። ዘይቱ እንዳይፈስብኝ ዞርም አላልኩ።»

ሳጅኗ አስረሳሽን አየቻት።

«እናቴ ሞታለች» አለች አስረሳሽ።

ሀሊሜ ፊቷ ተለዋወጠ። «አሏህ ያውቃል፣ ያለችውን ነው የነገርኳችሁ!»

«ነገ ጠዋት ቆቦ ጣቢያ ትቀርቢያለሽ» አለች ሳጅኗ። «እስከዚያ መኪናው አይንቀሳቀስም።»

ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አባታቸው አንድ በአንድ አወረዳቸው።

ሲመለሱ አስረሳሽ ልቧ ይረካል ብላ ጠብቃ ነበር። አልረካም። ሳጅኗም «ደስ አላለኝም» አለች።

«ምኑ?»

«የሚዋሽ ሰው ‹አላየሁም፣ አልሰማሁም› ይላል። ‹የልጄ ስልክ› የሚል ውሸት ማን ይፈጥራል? እናትሽ መሞቷን እያወቀች?»

ቆቦ ሲደርሱ ይድነቃቸውን ቢሮውን ሊዘጋ ቁልፍ ይዞ አገኙት።

«የደወልክላት ሴት አስረሳሽ መሆኗን በምን አወቅህ?» አለችው ሳጅኗ ቆማ።

«ጠይቄያታለሁ። ደንብ ነው።»

«ምን ብለህ?»

«የእናት ስም።»

«አወቀችው?»

ይድነቃቸው አንገቱን አሻሸ። «አወቀችው። ማለት... መጀመሪያ ላይ ሌላ ስም ጠርታ ነበር። ኋላ አስተካከለች።»

«ይህን ጠዋት ለምን አልተናገርክም?»

«መጨረሻ ላይ ልክ ስለሆነች ነዋ!»

«መጀመሪያ ማን አለችህ?»

«ወለተ ሥላሴ። እንደዚህ የሚል የለም ስላት ‹አዎ፣ አዎ፣ ጥሩዬ› አለች።»

አስረሳሽ ግድግዳውን ተደገፈች።

ጥሩዬን ልቅሶ የደረሰ ሁሉ ያውቃል። ወለተ ሥላሴ ግን የእናቷ የክርስትና ስም ነው። ቄሱ ለፍትሐቱ ስሟን ሲጠይቁ አስረሳሽን ሳግ አንቋት መናገር አቅቷት ነበር። አጠገቧ ቆመው ስሙን የተናገሩላት አንድ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ «የወለተ ሥላሴን ነፍስ ይማር» የሚሉትም እሳቸው ናቸው።

«አወቅሻት?» አለች ሳጅኗ።

«ሀሊሜ አልዋሸችም» አለች አስረሳሽ። ቀድማ ወደ ተከራየችበት ግቢ መራቻት።

ሳጅን መሠረት የግቢው በር ላይ ቀረች። አስረሳሽ ብቻዋን ገባች።

እትዬ ተናኜ ጥላው ሥር ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ማሽላ ይለቅማሉ።

«መጣሽ ልጄ? የት ጠፍተሽ ዋልሽ?»

«እትዬ ተናኜ፣ ዓርብ ረዲ ሱቅ ሄደው ነበር?»

ጣቶቻቸው ማሽላው ላይ ቆሙ። «ጨው ልገዛ።»

«ስልኬ ጮኸ።»

«ጮኸ።»

«ሰውየውን ምን አሉት?»

እትዬ ተናኜ ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። መካድ እንደሚችሉ አስረሳሽ ታውቃለች። እንዲክዱም በልቧ ተመኘች።

«‹የለችም፣ ማታ ደውልላት› ልለው ነበር፣ ስልክሽን ሳውቀው ያነሣሁት» አሉ። «‹ወይዘሮ አስረሳሽ ነዎት? መቂ ደርሶዎታል፤ በዚህ ሳምንት ይነሣሉ› አለኝ። በዚህ ሳምንት! ዓይኔ ጨለመ። ‹አልሄድም› የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። የእናትሽን ስም ሲጠይቀኝ እንኳ መዝጋት እችል ነበር። አልዘጋሁም።»

«እንጀራዬን እኮ ነው የዘጉት።»

«አውቃለሁ።»

«ምን በደልኩዎት?»

«ምንም። ምን ትበድይኛለሽ?» የነጠላቸውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። «ትልቋ ልጄ ቤሩት ገብታ ድምጿ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። ታናሹ አዲስ አበባ ነው፣ ለዓመት በዓል እንኳ አይመጣም። እናትሽ ስትሞት እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬሽ እያለቀስኩ በልቤ ‹ይቺስ ቀረችልኝ› ብያለሁ። ብቻዬን ስሆን እህል አይወርድልኝም፣ አስረሳሽ። ግድግዳው ነው የሚያየኝ።»

«ይህን ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺስ መች ነገርሽኝ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ልትሄጂ መመዝገብሽን ከባዕድ አፍ ሰማሁ።»

እውነት ነው፤ አልነገረቻቸውም። ጥሪው ሲመጣ እነግራቸዋለሁ እያለች ከዛሬ ነገ ስትል ወራት አልፈዋል። የፈራችው ይህንኑ አሁን የምታየውን ፊት ነበር።

«ሀሊሜ ልትታሰር ነበር» አለች። «ልጆቿ ከመኪና ወርደው ሲቆሙ አይቻለሁ።»

እትዬ ተናኜ ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ፖሊሷ በር ላይ ናት አይደል? ጥላዋን አየሁት። እኔው ልንገራት።»

ሄደውም ነገሯት። ሳጅኗ ቃላቸውን ስትቀበል አንዴም አላቋረጠቻቸውም።

በማግስቱ አስረሳሽን አስጠራቻት። «የሌላ ሰው ስም ይዞ መናገር ወንጀል ነው። ክስ ትመሠርቻለሽ?»

«አልከስም።»

«ይቅር አልሻቸው ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም። አልከስም ብቻ።»

እምቢታው የእሷ ስላልነበረ ኩባንያው ስሟን መለሰ። ሙሀመድሰይድ ግን ትእዛዙ እስኪደርሰው አልጠበቀም። ዕቃውን አውርዶ ከሀሊሜ ጋር ቆቦ መጣ።

«በሰው ሐቅ ልጆቼን ማብላት ሐራም ነው» አላት። «ተራዬን እጠብቃለሁ። አንቺ ግን ሄደሽ ሥሪ።»

«ስለ ጠረጠርኳችሁ...»

«ተይው። እኔም ጠይቄሽ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ሀሊሜ ከኋላው እንደቆመች ነበር። ሰላም አላለቻትም። አስረሳሽም አልፈረደችባትም።

የመሄጃዋ ጠዋት እትዬ ተናኜ ሳይጠሩ ወጡ። የሻንጣውን አንድ ማንጠልጠያ እሳቸው፣ አንዱን እሷ ይዘው እስከ መናኸሪያው ሄዱ። ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ያልፏቸዋል። የአሮጊቷ እርምጃ አጭር ስለሆነ አስረሳሽ የራሷን አሳጠረች።

«መቂ ብርድ አለ?» አሉ መናኸሪያው በር ሲደርሱ።

«ይሞቃል ይላሉ።»

«ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አስረሳሽ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗት፤ ጉንጯን ሳሟት፣ ደጋግመው።

ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» ይላል። ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። መኪናው እስኪነሣ ቆመው እጃቸውን እንደሚያውለበልቡላት፣ እሷም እንደምታውለበልብ ገምታ መስታወቱን ከፈተች።

እትዬ ተናኜ ግን ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ሞተሩ ገና ሳይነሣ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ከተማው እየሄዱ ነው። ነጠላቸው በሰዉ መካከል ታየ፤ ጠፋ፤ እንደገና ታየ። ልጆቻቸውን ሁሉ ከኋላ ቆመው የሸኙ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ቀድመው ሄዱ።

አስረሳሽ መኪናው የጎብዬን ከተማ እስኪያልፍ ድረስ መስታወቱን አልዘጋችም።