ሰላሳ አንድ መራጭ፣ ሰላሳ ስድስት ፍሬ

ኤኖስ ፔሊንግ በቶርንሃም ጸሎት ቤት ወለል ላይ ተደፍቶ የተገኘው ወደ ቦስተን ሊሳፈር በነበረበት ማለዳ ነው። ማጅራቱ በበሩ መወርወሪያ ተመትቷል። አጠገቡ የድምፅ ከረጢቱ ማኅተሙ ተቀዶ፣ ድምፅ የተሰጠባቸው በቆሎና አደንጓሬ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ኤኖስ በታችኛው ምክር ቤት የመንደሩ እንደራሴ ነበር፤ ለላይኛው ምክር ቤት የተሰጠውን ድምፅ በየዓመቱ ቦስተን የሚያደርሰውም እሱ ነው።

ሕግ አስከባሪው ጆታም ትረል ሲደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቀው። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘው ወፍጮኛው ኦቤድ ስኒል ከምሰሶ ጋር ተጠፍሯል። ስምንት ዓመት ሙሉ የላይኛውን ምክር ቤት ወንበር ይዞ የኖረው ቲዮፍሉስ ጋሮ በትሩን ተደግፎ ያዝዛል፤ ቀትር ላይ በሚነሳው ጀልባ ኦቤድ ለስቅላት ይላክ ብሏል። ጆታም ወፍጮኛውን አይወደውም፤ ዱቄቴን ይሰርቀኛል ብሎ ሁለት ጊዜ ከሶታል። ቢሆንም ሰው ባልሠራው ሲሰቀል ማየት አንጀቱ አይችልም፤ ጋሮ እንደ ሎሌ ሲያዘው ደግሞ ደሙ ይፈላል።

«እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው ኦቤድን።

«ለመንገዱ ዱቄት ላቀብለው። ካንተ ከሰረቅኩት ላይ ቆንጥሬ።»

ጋሮ ጣልቃ ገባ። በምርጫው የጋሮ ስም ሲጠራ ከረጢቱ ውስጥ በቆሎ የጣለ ደግፎታል፣ አደንጓሬ የጣለ ተቃውሞታል፤ ኦቤድ እንደሚጠላው ደግሞ ሕፃን ያውቃል። ወፍጮኛው ሌሊቱን አደንጓሬ ሲጨምር ኤኖስ ደርሶበት ገደለው፣ ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል አለ። ጆታም ግን ተንበርክኮ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ በውኃ አጠበ፣ ጠረጴዛ ላይ በየዓይነቱ ለየ። ከዚያ መንደሩን በሙሉ አስጠራ። ወንዶቹ እያጉረመረሙ ከፊት፣ ድምፅ የማይሰጡት ሴቶች ከኋላ ተቀመጡ።

«የመረጥነው ሰላሳ አንድ ነን» ብሎ ጀመረ ጆታም። «እዚህ ያለው ሰላሳ ስድስት ፍሬ ነው፤ ሃያ አራት አደንጓሬ፣ አሥራ ሁለት በቆሎ። አምስት ተርፏል። ጌታ ጋሮ፣ ኦቤድ አደንጓሬ ጨመረ ነው የሚሉት?»

«ነው እንጂ።»

«እንግዲያው አደንጓሬውን ይዩልኝ። ጥቁር አለ፣ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ዝንጉርጉር አለ። ይሄ ከአንድ ሰው ኪስ የወጣ ነው? ሁላችንም ከየቤታችን ዘር ነው ይዘን የመጣነው። በቆሎውን ደግሞ ይዩ፤ ስድስቱ ሰማያዊ ነው።»

አንገት ሁሉ ወደ ጋሮ ዞረ። ሰማያዊ በቆሎ የሚዘራው እሱ ብቻ ነው፤ ለጎረቤት አንዲት ፍሬ ሰጥቶ አያውቅም። ከቤቱ የሚመርጡት ደግሞ እሱና ልጁ ኤልካና ብቻ ናቸው።

«ሁለት መራጭ ካለበት ቤት ስድስት ፍሬ?» አለ ጆታም። «የተጨመረው በቆሎ ነው። የጨመረው ሰው ከረጢቱን ከፍቶ መሸነፉን አየ። ገና አምስት በቆሎ እንደከተተ፣ የሚበቃውን ሳይጨምር በምትኩም አደንጓሬ ሳያወጣ ኤኖስ ደረሰበት።»

ጋሮ ሳቀ። «ሃያ አራት ሰው ጠላኝ ነው የምትለው? አደንጓሬ የጣለ ካለ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። የያንዳንዳቸው የድንበር ክርክር በጋሮ እጅ ነው።

«ቀይዋ የኔ ናት» አለ ኦቤድ ከምሰሶው። «የቀሩትን እነዚህን ፈሪዎች ጠይቋቸው።»

«ዝንጉርጉሯ የኔ» አለ ጆታም። እሱም ፈርቷል። ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ፤ ጆታም በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላቸው።

ያኔ የኤኖስ ሚስት ታቢታ ከኋላ ተነስታ መጣችና አንዲት ጥቁር ፍሬ አነሳች። «ይቺ የባሌ ናት። ዘሩን ለቅሜ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አውቃታለሁ።» ቀጥላ የአንጥረኛው ሚስት መጣች፣ ከዚያ የቆዳ ፋቂው ሚስት። ባሎቻቸው በዓይናቸው ቢቆጧቸውም አንዷም አልተመለሰች፤ ጓሮውን የሚዘሩት እነሱ ናቸውና ማን ምን እንደጣለ ከፍሬው ያነባሉ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት አደንጓሬ ስትቀር የጋሮ ሚስት ዶርካስ ተነሳች።

«ተቀመጪ» አላት ጋሮ።

«ይቺ ነጭ ዓይነ ቀይ ከኛ ጓሮ ናት» አለች ፍሬዋን አንስታ። «ትናንት ማታ ደግሞ ሰማያዊ በቆሎ ፈልፍለህ ኪስህ ስትከት ምንድነው ብልህ ለዶሮ ነው አልከኝ። አንተ ዶሮ መግበህ ታውቃለህ?»

ጆታም ገመዱን ከኦቤድ ፈትቶ ወደ ጋሮ ሄደ። ጋሮ እጁን ሲሰጥ ገመዱንም፣ ሚስቱንም አላየም። የሚያየው ልጁን ብቻ ነበር።

«ኤልካና፣ አንተም?»

«አዎ፣ አባቴ» አለ ልጁ። «ዘንድሮ ብቻም አይደለም።»