ባዶ መሆን የነበረበት ገጽ

«ፍሪጁን ይንቀሉልኝ።»

ላቸዛር ለኔቭያና የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እሷ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ በሩን ከፍታለች፤ እሱ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«መጀመሪያ ሰላም አይባልም እንዴ?» አለችው።

«ይቅርታ... ሰላም። ከጤና ቁጥጥር ነኝ። ድምፁን ልለካ ነው የመጣሁት። የግድግዳ ሰዓቱንም ቢያቆሙልኝ...»

ሳቋ አመለጣት። በዚያ ቤት ከተሳቀ ሰንብቷል።

አባቷ አቶ ቬልኮ በዚያች የቡልጋሪያ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጥቅምት ላይ የሕንፃው ማሞቂያ ከተከፈተ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። «ከሥር ነው የሚመጣው» ይላሉ። «ጆሮዬ ሳይሆን ደረቴ ነው የሚሰማው። አልጋው ይንቀጠቀጣል።» ከእርሳቸው በቀር የሚሰማ የለም። ሐኪሙ የነርቭ ኪኒን አዘዘላቸው። ጎረቤታቸው ጊና ደግሞ ደረጃው ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር «አቶ ቬልኮ፣ ዛሬስ ትራክተሩ ስድስተኛ ፎቅ ወጣ?» እያለች ታሾፍባቸዋለች። ልባቸው ደካማ ነበር፤ በየቀኑ ሲከሱ ኔቭያና ታያለች።

ላቸዛር ጠፍጣፋ መለኪያውን ከአልጋው እግር ሥር አስቀመጠ።

«አንተስ ታምነኛለህ?» አሉት ሽማግሌው።

«እኔ ማመንም መካድም ሥራዬ አይደለም። እለካለሁ።»

«ጎሽ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ አቶ ቬልኮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዱት።

ለኔቭያና ደብተር ሰጣት። አባቷ ድምፁን በሰሙ ቁጥር ሰዓቱንና ደቂቃውን ትጽፋለች፤ መሣሪያው ለብቻው ይቀዳል። እሱ በየሐሙሱ እየመጣ ሁለቱን ያስተያያል።

«ምንም ካልሰሙስ?» አለችው።

«ያኔማ ዕቃዬን ነቅዬ እሄዳለሁ» አላት፣ እንደ ዋዛ።

አባቷ ድምፁን ሰምተው ግድግዳውን ባንኳኩ ቁጥር እየባነነች፣ ከሌሊቱ ስምንት ከአሥራ ሰባት፣ ዘጠኝ ከአርባ አንድ እያለች መጻፍ ያዘች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ባኒጻ የሚባለውን ባለ አይብ ጥቅል ቂጣ ትጋግራለች።

«ባኒጻው ለመሣሪያው ነው?» ይሏታል አባቷ። «እኔ አባትሽ ሳምንቱን ሙሉ ሾርባ ስጠጣ፣ ቆርቆሮው ይቀለባል!»

«አባባ፣ ዝም በል፤ ይሰማል!»

በሦስተኛው ሐሙስ ላቸዛር እጇን ይዞ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈው። «ዝም በይ... አሁን ይሰማሻል?» አንቱታው መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«የሚሰማኝ ያንተ እጅ ነው» አለችው።

እጁን አላነሳም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ አንድ ፍቺ አልፎባት፣ ልቧ እንደ ልጃገረድ ደነገጠ። ፍቅር ዕድሜ ጠይቆ አይገባ!

በአራተኛው ሳምንት ግድግዳው አልተንኳኳም። አቶ ቬልኮ ሰኞ ተኙ፣ ማክሰኞ ተኙ። ጠዋት ጠዋት እስትንፋሳቸውን ለማዳመጥ በሩን ገርበብ ታደርግ ነበር። ፊታቸው ቀላ፤ እንቁላል በቋሊማ አምጪ አሉ። መደሰት ነበረባት፤ ደስም ብሏታል። ረቡዕ ማታ ደብተሩን ስትገልጠው ግን ገጹ ባዶ ነው። ዕቃዬን ነቅዬ እሄዳለሁ ብሏታል።

ብዕር አነሳች። «ሌሊት ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ተኩል። አሥር ሰዓት...» አሥራ አንድ ቦታ ሞላች። ማንን ይጎዳል ብላ ነው? ሞኝ አትበሏት፤ የወደደ ሰው ነገን አያሰላም።

ላቸዛር በማግሥቱ ገጹን አየ። ደጋግሞ አየ። ባኒጻውን ሳይቀምስ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ መሣሪያውን ሻንጣው ውስጥ ከተተ፤ ሽማግሌውን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ያንን ሳምንት ለሕንፃው ሙቅ ውሃ የሚልከውን የሙቀት ጣቢያ አንዱን ማራገቢያ ጠርጥሬ አስጠፍቼው ነበር» አለ። «ፈተና ስለሆነ ለእናንተ መንገር ክልክል ነበር። ድምፁ የእሱ ከሆነ ገጹ ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። ባዶ ቢሆን ማንም አይከራከረንም ነበር... ግን አሥራ አንድ ጊዜ ሰምታችኋል። ስለዚህ ድምፁ ከውጭ አይደለም።»

«ከራሴ ነው ልትል ነው?» አሉ አቶ ቬልኮ ቀስ ብለው።

ላቸዛር የሻንጣውን መቆለፊያ ዘጋ።

ኔቭያና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እኔ ነኝ የጻፍኩት ልትል አፏን ከፈተች፤ ለምን ቢላት ግን ምን ትለዋለች? ይህን ስታሰላስል ላቸዛር ወጣ።

ማራገቢያው እንደገና ተነስቶ ኖሮ አባቷ በዚያው ሌሊት ነቁ። ግድግዳውን ግን አላንኳኩም። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉላት።

«በይ፣ ኪኒኑን አምጪ። የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይውጣል።»

ይህን አልቻለችውም። እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ፣ «ያንን ሳምንት ተኝቻለሁ?» አሉ።

«ተኝተሃል አባባ። እንደ ሕፃን።»

«እብድ አይደለሁማ!» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አንቺ ልጅ! ለወንድ ብለሽ አባትሽን አሳበድሽው! በይ ኮትሽን ልበሺና ሄደሽ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው።»

በበረዶ ውስጥ እስከ ቢሮው በእግሯ ሄደች። ላቸዛር ብቻውን ነበር።

«አባቴ ምንም አልሰማም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዳትቀር ብዬ ነዋ!» አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ሰዓቶቹ ሁሉ የተጠጋጉ ነበሩ» አለ። «ድምፅ የሰማ ሰው ስምንት ከአሥራ ሰባት ነው የሚለው። አይቼዋለሁ ኔቭያና። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። አባትሽ ፊት ውሸታም እንዳላደርግሽ ፈራሁ... የማላውቅ መስዬ ሪፖርቱ ላይ ፈረምኩ። ሽማግሌውን ሁለታችን ነን የበደልነው።»

በዚያው ሰዓት ሪፖርቱን ሰርዞ፣ እውነቱን ገልጦ ለአለቃው ማመልከቻ ጻፈ። ከዚህ በላይ ግን እጁ አጭር ነበር። የሚወዳትን ሴት ቤት ሊለካ አይችልም፤ ፋይሉ ለሌላ ባለሙያ ተላለፈ። ብርዱም ከፍቶ ስለነበር ማራገቢያውን እስከ ፀደይ የሚያጠፋው አልተገኘም።

ያ ክረምት ረዘመ። አቶ ቬልኮ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተኙ፣ ኮሪደር ላይ ተኙ፤ ድምፁ በሄዱበት ይከተላቸዋል። ላቸዛር ፋይሉ እስኪዘጋ ደጃፋቸውን መርገጥ ስለማይችል ሐሙስ ሐሙስ ከሕንፃው ፊት ለፊት ቆሞ ወደ መስኮቱ ያያል። ሽማግሌው «ያ ምስኪን በረዶ ላይ ደረቀ እኮ» እያሉ መጋረጃውን ይከፍቱለት ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋቱን ሳያይ ለሚያልፍ ሰው ግን ተረቱ ምን ያደርግለታል? ሚያዝያ ላይ ማሞቂያው ሲጠፋ አዲሱ ባለሙያ ማራገቢያውን አስፈታው። ዘንጉ ጎብጧል። በዞረ ቁጥር የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ያንቀጠቅጣል፤ ቧንቧው ደግሞ ሽቅብ መጥቶ በአቶ ቬልኮ መኝታ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያልፋል።

ፋይሉ ስለተዘጋ ላቸዛር ሻንጣ ሳይዝ መጣ።

«ልክ ነበሩ» አላት።

«ኅዳር ላይ ልክ ነው ቢባል ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር?»

«አላውቅም። ይተኙ ግን ነበር።» ሊያጽናናት ብሎ እንኳ አልዋሻትም። «ብሄድ ይሻልሻል?»

ብዙ አሰበች። እሱን ባየች ቁጥር ያ ገጽ ትዝ እንደሚላት ታውቃለች። ግን ያንን ገጽ ከእሷ ጋር የሚሸከም ሌላ ሰው ከየት ታመጣለች?

«ቁጭ በል» አለችው። «አትሂድብኝ።»

በዚያ አገር ሰው ሲሞት፣ ሙት ዓመቱም ሲደርስ፣ ፎቶውን ከስሙ ጋር አትመው የሕንፃው በር ላይ ይለጥፋሉ። የአቶ ቬልኮ ሙት ዓመት ሲደርስ ኔቭያናና ላቸዛር ወረቀቱን ይዘው ወረዱ። እሱ በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘላት፣ እሷ ለጠፈችው። ከፎቶው ሥር የተጻፈው የተለመደ የሐዘን ቃል አልነበረም፤ «ድምፁ ነበረ። ቬልኮ በትክክል ሰምቷል። ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ የዋሸሁት እኔ ልጁ ነኝ» ይል ነበር።

ጊና ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን አስቀምጣ አነበበችው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለተኛ አነበበችው።

«ይቅር በሉኝ አቶ ቬልኮ» አለች ለፎቶው። ከዚያም ዘንቢሏን አንስታ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች።