ኮርቻው አይደለም

«ጅራቱን ተው አልኩህ! እንደ አባየ ነው፣ ሲነካኩት አይወድም!» አለ ዓባይነህ፣ የፈረሱን ጀርባ በውሃ እያሸ። ጓደኛው ምስጋናው እየሳቀ ወደ ኋላ ዘለለ።

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ ዳር ናቸው። የጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ደርሷል፤ ሁለቱም ይጋልባሉ። ዓባይነህ በደስታ የሚሆነውን አጥቷል። አምና በዓሉ ሲከበር እሱ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ምን ሆነህ ነው ላለው ሁሉ «ትርፍ አንጀት» ብሎ ተገላግሏል። ባለፈው ወር ለምርመራ ሲመለስ ደግሞ ሐኪሟ «ጤነኛ ነህ፣ እንደ ልብህ ጋልብ» ብላዋለች።

ምስጋናው ሳቁን ትቶ ጠጋ አለው።

«አንድ ነገር ልንገርህ? ከሳቅህ ግን ውሃ ውስጥ እጨምርሃለሁ።»

«አልስቅም፣ በል።»

«ኮርቻው መትቶኝ መሰለኝ፣ አንደኛው ቆለጤ አብጧል። ጠጣር ነገር አለበት። ግን ምንም አያመኝም።»

ዓባይነህ ፈረሱን ማሸቱን ተወ። እሱም አምና ኮርቻውን ነበር የወነጀለው። ስላላመመው ዝም ብሎ ከረመ፤ እብጠቱ ከብዶት እግሩን ከፍቶ ሲሄድ አባቱ አይተው ባይዙት ኖሮ አይናገርም ነበር። ሐኪሟ ዕጢ መሆኑን ነግራው አንዱን ቆለጥ በቀዶ ሕክምና አወጣችለት። «በጊዜ ደርሰሃል። የቀረው አንዱ ለሁሉም ነገር ይበቃሃል» ስትለው አባቱ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ነገ ሐኪም ይየው» አለ ዓባይነህ።

«አቦ አታካብድ! የኔው አባየ ይሄን ከሰማ ያስጋልበኛል እንዴ? በዓሉ ይለፍና በራሱ ይጠፋል።»

«ላይጠፋ ይችላል።»

«አንተ ደግሞ ምኑን አውቀህ?»

ምስጋናው ጥሩ ልጅ ነው፤ ሆዱ ግን ወሬ አይቋጥርም። ዛሬ የነገሩትን ነገ የክፍላቸው ተማሪ ሁሉ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ቅጽል ስም ይወጣል። ዓባይነህ ይህን ሲያስብ ገና ከአሁኑ አፈረ። ምስጋናው ኮርቻውን አንሥቶ ፈረሱ ላይ ሊጭን ሲል ግን እጁን ያዘው።

«አስቀምጠው፤ ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አለ። «አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ከሳቅህ አንተን ነው ውሃ ውስጥ የምጨምርህ።»

«በል እሺ።»

«አምና የወጣልኝ ትርፍ አንጀት አይደለም።»