ትንሿ ሲስተር

«አትሽኮርመሚ፤ አሁን ታማሚዬ ነሽ» አለቻት አጅሪት ሚጣን፣ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ እየጠቀለለች።

አጅሪት የሚጣ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ናት። የነርስነት ትምህርት ቤቱ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አልጋዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። መምህርቷ ገና ሲገቡ፣ «ዛሬ የመለማመጃ አሻንጉሊቱን ተዉት። እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውሃ። ራሱን ያልጠበቀ ተማሪ ዛሬ ወደ ሆስፒታል ለልምምድ አይወጣም፤ ሐሙስ ከሚቀጥለው ቡድን ጋር ይሄዳል» ብለው ነበር።

ሚጣ ደግሞ መጀመሪያ ሆስፒታል የምትወጣበትን ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ጥናት ይዟት ትናንት እራት ዘለለች፤ እንቅልፏም ሸለብታ ብቻ ነበር። ጠዋት ጋዋኗን ስትተኩስ ቆይታ ቁርስ ሳትቀምስ ክፍል ገባች። ይህ ከታወቀባት ጉዷ ፈላ።

«መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው?»

ሚጣ አክስቷ ትዝ አለቻት።

አይ ያ ጊዜ! አክስቷ ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። ከሥራ ስትገባ ሚጣ በሩ ላይ ትቀበላታለች። ጫማዋን ታወልቅላታለች፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርባለች፣ ያበጡ እግሮቿን ታሽላታለች። አክስቷም ዓይኗን ጨፍና፣ «ተባረኪ፣ የኔ ትንሿ ሲስተር» ትላታለች። ለሚጣ ከዚያ የሚጣፍጥ ቃል አልነበረም፤ አሁንም ይናፍቃታል።

ታዲያ እግሯ ሳይደርቅ በር ይንኳኳል። የአንዱ ልጅ አተኩሶታል፣ የሌላዋ መርፌ ሰዓቱ ደርሷል። የሚጣ እናት ከኋላ፣ «ኧረ አንቺ ሰው፣ እህል ቅመሺ» ትላለች። «ስመለስ» ትላለች አክስቷ። ጎረቤቱ ሲስተር የሚርባት አይመስለውም ነበር፤ ሚጣም እንደዚያው። አንድ ቀን ሥራ ላይ፣ በባዶ ሆዷ በሽተኛ ደግፋ ስታነሳ፣ ራሷን አዙሯት ከነበሽተኛው ወደቀች። ወገቧ እስከ ዛሬ አልዳነም። ከወገቧ ይልቅ የሚያማት ግን የዚያ በሽተኛ ጉዳት ነው፤ ስሙን ስታነሳ እንባዋ ይቀድማታል።

«ምነው ተዘጋሽ?» አለች አጅሪት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አቦ አታካብጂ፤ ቁርስ በልታለች ልበልልሽ? ማን ያውቃል?»

ከመስኮቱ ውጭ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ሚጣ እጆቿን አየቻቸው። በነዚህ እጆች ነው ዛሬ ሰው የምትደግፈው።

«ትናንት ምሳ» አለች። «እንቅልፍም በቅጡ አልተኛሁም።»

«ቀልድሽን ተዪ፤ ትቀሪያለሽ እኮ።»

«አውቃለሁ። እንዳልኩሽ ጻፊው።»

መምህርቷ መጥተው አነበቡ። ቀና ብለው አዩአትና፣ «ሐሙስ ትወጫለሽ» አሉ።

አጅሪት ከአውቶቡሱ መስኮት እጇን ስታውለበልብ፣ ሚጣ በግድ ፈገግ አለች። አውቶቡሱ ከግቢ ሲወጣ ግን እንባዋ መጣ፤ ንድድ አላት። ጋዋኗን አውልቃ አጣጠፈችና ወደ መመገቢያ አዳራሹ ወረደች። ቁርሱ ሊነሳ ነበር። አሳላፊዋ የተረፈውን በሳህን አድርገው ሰጧት። ሚጣ ሳህኑን አየችው።

«እማማ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» አለች።