እዚህ ጋ መጮህ አለበት

የሎርና ኮቫሊክ ሥራ ስህተት መጻፍ ነበር። ቀልድ አይደለም። ፒትስበርግ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር ባለው አሮጌ የብረት ፋብሪካ በተከፈተ ድርጅት፣ ደመወዝ የሚከፈላት ሆን ብላ እንድትሳሳት ነው። ድርጅቱ ብራምብል የሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይሠራል። ቋንቋው የራሱ ፈታሽ አለው። ፈታሹ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉን ያነብና፣ አንድ ሰው ስምን ከቁጥር ጋር ሊደምር ሲል፣ ሚሊግራም በሚጠበቅበት ቦታ ሚሊሊትር ሊያስገባ ሲል፣ «ኧረ ተው!» ብሎ ይጮሃል።

ታዲያ ፈታሹን ራሱን ማን ይፈትሸዋል? ሎርና። የተበላሸ ፕሮግራም ትጽፍና ከተበላሸው መስመር ጎን «እዚህ ጋ መጮህ አለበት» ብላ ምልክት ታደርጋለች። ፈታሹ እዚያ መስመር ላይ ከጮኸ ፈተናው አረንጓዴ ይሆናል፤ ዝም ካለ ቀይ። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት! ሰው ነገ እንዴት እንደሚሳሳት ዛሬ ቁጭ ብሎ ማሰብ የዋዛ ነገር አይደለም። የድርጅቱ ሰዎች ግን «የሎርና ጨዋታ» ይሉት ነበር። እኔን እንኳ እንዲህ ካናደደኝ እሷንማ አስቡት።

አንሰል ብራንት የመጣው በመጸው ነው። ረጅም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ። የተቀጠረው ፈታሹን እንዲያፈጥነው ነበር። መጀመሪያ የሠራውን ሥራ ሎርና ከምሳ በፊት ሰበረችው። እንደ ሌሎቹ ሊኮሳተርባት ነው ብላ ስትጠብቅ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ።

«ሎርና አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እንዴት እንዲህ ያለ ክፋት ታሰበሽ?»

«ደመወዜ ነው።»

«እባክሽ ነገም ስበሪልኝ» አለና ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሰላምታው «ዛሬስ ምን ሰበርሽብኝ?» ሆነ። እሷም በምትጽፋቸው ስህተቶች ውስጥ ለእሱ ብቻ የሚገባ ቀልድ መሰንቀር ጀመረች። የሹራቡን ቀዳዳ ከውጭው ሙቀት ጋር ታባዛለች። ፈታሹ ይጮሃል፣ ከወዲያ ማዶ የአንሰል ሳቅ ይሰማል። እሷ ደግሞ ያልሰማች መስላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

የካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም ገብቶ የቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ሥጋ በማይበላበት አርብ አርብ የተጠበሰ ዓሣ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ሎርና ድፍረቷን ሰብስባ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፈች፦ «አንሰል + አርብ»። ከጎኗም ምልክቱን አደረገች። ፈታሹ እንደ ደንቡ ጮኸ፤ «ሰው እና ቀን አይደመሩም» አለ። አንሰል ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «ፈታሹ ልክ ነው። ግን አርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እኛ ብንሞክረውስ?»

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓሣ እየበሉ ሞከሩት። ዓመቱን ሙሉ ተደማመሩ ማለት ይቻላል። ጎረቤት ሳይቀር አንዱን ሲያይ ሌላውን መጠየቅ ለመደ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። የፈታሹ የጩኸት አጻጻፍ አንዲት ቃል እንኳ ከተቀየረች፣ ምንም ሳይበላሽ ፈተናው በሙሉ ቀይ ይሆናል። አንድ በአንድ ከማረም የሚያድን «አጽድቅ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ ፈታሹ አሁን የሰጠውን መልስ ሁሉ «ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። የቤቱም ሕግ አጽድቅን ያስኬደ ሰው የተቀየረውን ሁሉ በዓይኑ ያንብብ ይላል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ሎርና ናት።

አዲሱ፣ ፈጣኑ እትም ሐሙስ ለደንበኞች ሊላክ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ጾሙ እንደገና ገብቶ ነበርና ሎርና ያቺን «አንሰል + አርብ» የምትል ቀልዷን ልታይ ከፈተቻት። ምልክቷ የለም። «መጮህ አለበት» በነበረበት ቦታ «ስህተት የለም» ተብሏል። አስኬደችው፤ ፈታሹ ጭጭ አለ። ሌላ ከፈተች፣ እሱም «ስህተት የለም»። የሚሊግራሙም፣ የሚሊሊትሩም ያው። ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ አንሰል ሄደች።

«አጽድቅን አስኬደሃል?»

«አዎ፣ ሰኞ። የጩኸቱን አጻጻፍ ስለቀየርኩ ሁሉም ቀልቶ ነበር።»

«አነበብካቸው?»

የሹራቡን ቀዳዳ ይነካካ ጀመር።

«አነበብካቸው ወይ ነው የምልህ!»

«የመጀመሪያዎቹን አንብቤአለሁ። ሌላውም እንደዚያው የቃል ለውጥ መስሎኝ… ሎርና፣ ሁሉም እኮ አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴ ያደረግከው አንተ ነህ! ተማሪው የጻፈውን አይተህ የመልሱን ወረቀት ቀየርክለት። ይሄ ምኑ ፈተና ነው?» አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው። «የእኛንም አጽድቀኸዋል።»

አነበበው። ጆሮው አልቀላም፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያቸው ፕሬስተን ዘንድ ገቡ። ፕሬስተን ሰውን ሁሉ «ወዳጄ» እያለ የማንንም ወሬ የማይጨርስ ሰው ነው።

«ደግሞ ምን ሰበርሽ፣ ወዳጄ?»

«እኔ አይደለሁም የሰበርኩት። ፈታሹ ደንቁሯል።»

«ሰውን ከቀን ጋር የሚደምር ጤነኛ ማን ነው? ቀልድ እኮ ነው የምትጽፊው!»

«ሚሊግራምን ከሚሊሊትር የሚያምታታስ? እሱም ዝም ተብሏል! የመድኃኒት ፓምፕ የሚሠሩት ደንበኞቻችን ይሄን ሊጠቀሙበት ነው!»

«በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል። አንሰል፣ የጻፍከው አንተ ነህ። ያሰጋል እንዴ?»

ሎርና አንሰልን አየችው። እትሙ ከተላከ በኋላ የቡድኑ መሪ እንደሚሆን ቃል ተገብቶለታል፤ ታውቃለች። እሱ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። ቀና ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም።

«ይኸው! አለቀ» አለ ፕሬስተን።

ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። «ሎርና፣ ስሚኝ…»

«ምን ልስማ? የተናገርከው ነገር አለ እንዴ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንዴት የመጣ ነው። «ፈታሹ በማን እንደወጣ አሁን ገባኝ። መጮህ ባለብህ ቦታ ዝም አልክ። እኔ ላይ ሲያላግጥ እንኳ ዝም አልክ! እኔ ልክ እንደሆንኩ ከሰው ሁሉ አንተ ታውቃለህ!»

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ብራምብል ተብሎ የተጻፈበት ኬክ ተቀምጧል። ሎርና ኮቷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆማለች። እትሙ ከተላከ ሥራውንም ሰውየውንም ልትተው ቆርጣ ነበር። ፕሬስተን ኮምፒውተሩ ፊት ቆሞ ንግግሩን ጨረሰና እጁን ዘረጋ።

«አትላከው» አለ አንሰል። ድምፁ የሰለለ ነበር፤ ማንም አልሰማውም።

«አትላከው አልኩ!»

ኬክ ልትቆርስ የነበረችው ልጅ ደንግጣ ቢላዋውን ጣለችው።

«ፈተናዎቹን ሳላነብ ነው ያጸደቅኳቸው» አለ አንሰል። «የእኔ ፈታሽ ማየት ያለበትን ስህተት አያይም። ሎርና ትናንት ተናግራለች። እኔ ደግሞ እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

«ወዳጄ፣ በኋላ እንነጋገራለን…»

«አሁን ነው የምንነጋገረው! ነገ አንድ ሰው የተሳሳተ መጠን ሲወጋ ምን ልንል ነው? በሚቀጥለው እትም?»

እትሙ ሳይላክ ቀረ። የቡድን መሪነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሎርናን ግን «ልክ ነበርሽ» ያላት አንድም ሰው የለም። ኬኩን በሉና ተበተኑ! አይ የሰው ነገር!

እሷም ቢሆን ወዲያው አልታረቀችውም። «ደግ አደረግክ» ብላ ኮቷን አወለቀችና ወደ ሥራዋ ሄደች። አንሰል ጾሙን ሙሉ ፈታሹን ሲጠግን፣ የጠፉትን ምልክቶች አንድ በአንድ በእጁ ሲመልስ ሰነበተ። አጽድቅን አልነካም። እያንዳንዱን ወደ እሷ ይልካል። እሷ ወይ «ልክ ነው» ወይ «አይደለም» ትላለች፤ ከዚያ አታልፍም። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የነበረበትን ወንበር ግን ለሌላ ሰው አትለቅም።

በመጨረሻው የጾም አርብ የመጨረሻው ፈተና ደረሳት፦ «አንሰል + አርብ»። አስኬደችው። ፈታሹ ጮኸ፤ ሰው እና ቀን አይደመሩም። ከሥሩ ምን ጽፎ ይሆን ብላ ወረድ አለች። ምንም የለም። ብድግ አለች።

«ባዶውን ነው እንዴ የምትልክልኝ?»

«የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።»

«አሁንም ዝም! አይ አንተ!»

አንሰል ተነሣ። «ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት! ዓሣው ቤት!» አለ ጮክ ብሎ። ቢሮው በሙሉ ዞር አለ። ጆሮው ቀላ።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንደ ወትሮው ጫጫታ ነበር። ባልቴቶቹ ተራ ይጠራሉ፣ ፒየሮጊ የሚሉት ድንች የተሞላ ሊጥ በቅቤና በሽንኩርት ይጨሳል። አንሰል ሳይበላ ቆየ።

«የምነግርሽ ነገር አለ። ከፈተናዎችሽ አንዱ ስህተት ነው።»

«የቱ?»

«ዝርዝርን ከኋላ ወደ ፊት የሚገለብጠው። ምልክቱን ደህናው መስመር ላይ ነው ያደረግሽው። ፈታሹም ስህተት ሳይኖር እዚያ ይጮሃል፣ ፈተናውም አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል።»

«መቼ አወቅክ?»

«ዓምና። እዚህ መምጣት የጀመርን ሰሞን።»

«ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?»

«ስለምወድሽ፣ እንዳትከፊ ብዬ…»

«እንደዚያ አይወደድም!» ብላ ስትጮህ አጠገባቸው ያሉት ባልቴት ሹካቸውን አስቀመጡ። ሎርና ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ በዓሣዎቹ መሃል ከፈተችው። አየችው። ደግማ አየችው። ልክ ነው። ደሟ ፈላ፤ በእሱም በራሷም ተናደደች፤ ደግሞ ሳታስበው ደስ አላት።

«ሌላስ የደበቅከኝ አለ?»

«አለ። የእኔን ፒየሮጊ ነው እየበላሽ ያለሽው።»

ሹካዋን አየች። እውነቱን ነው። ሳቋ አመለጣት፤ ፒየሮጊውን ግን አልመለሰችም። ምልክቷን ወደ ትክክለኛው መስመር አዛወረች፣ ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ ከዚያ ዘይት የነካውን እጁን ያዘች።

«በል ዓሣህን ብላ። ቀዝቅዞም ከሆነ ደግሞ ለእኔ ብለህ ዝም እንዳትል።»

አንሰል ቀመሰው።

«ቀዝቅዟል!» አለ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ።