የዶን ኤቬሊዮ ባርኔጣ

ዶን ኤቬሊዮ ፓርዶ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ማለዳ፣ በገዛ የጣፋጭ ፋብሪካቸው ትልቅ ጎላ ውስጥ ነው። ጎላው ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ የዘይቱን ጭማቂ ከስኳር ጋር የሚፈላበት ነው። ሽማግሌው፣ ጎላው ባዶና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ለጥገና ገቡበት፤ በሞተር የሚዞረው የብረት ማማሰያ በድንገት ተነሳና ጭንቅላታቸውን መታቸው።

መርማሪ ግራሲኤላ ሩዌዳ ስትደርስ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ከሟቹ ጋር አብረው ያረጁት ሠራተኛ፣ አንሴልሞ፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው። «ትናንት ተጣላን። ንዴቴ አልበረደልኝም። ዛሬ ባርኔጣውን የማማሰያው ማስነሻ ላይ አየሁት። አንስቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።»

«ባርኔጣው ማስነሻው ላይ ምን ይሠራል?»

«‹ውስጥ ነኝ፣ እንዳትነኩ› ማለቱ ነዋ! ይህ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ነው።»

ግራሲኤላ ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ሰው አይጥማትም። የተጠየቀ ሰው ይዋሻል፤ ያልተጠየቀ ግን የሚሸሽገው ሌላ ነገር አለው ብላ ታምናለች። ወደ ማስነሻው ሄደች። ቁልፉ በቀይ የዘይቱን ጭማቂ ተለውሷል። ባርኔጣው በሩ አጠገብ፣ በቅርጹ ልክ ቀለም በተቀባለት ቦታ ተሰቅሏል። ከነጭ ገለባ የተሠራ ነው፤ አንድ ነጥብ እድፍ የለበትም።

ቢሮ ውስጥ የሟቹ ልጅ ማሪሴላ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ያደገችውም የተማረችውም ቦጎታ ነው። አምና ፋብሪካው ሊዘጋ አፋፍ ላይ ሲደርስ መጣችና አዲስ አሠራር ዘረጋች። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ባለቤት፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቦታ፣ በየሰኞው አንድ ስብሰባ። ግድግዳው በባለቀለም ካርዶች ተሞልቷል። የመንደሩ ሰው ቢስቅባትም ፋብሪካውን ያዳነችው እሷ ናት፤ ይህን ማንም አይክድም።

«ያ ሰውዬ እስር ቤት ይበስብስ!» አለች።

«የክርስትና አባትሽ አይደሉም እንዴ?»

«ነበሩ። ትናንት የምርት ኃላፊነቱን ለሌላ ሰጠሁ፣ አባቴም ከእኔ ጎን ቆመ። ተናደዱ። ከዚያ ስለ ማሽን አደጋ ካልተናገርኩ አሉ። ተራው አልደረሰም አልኳቸው። ጠረጴዛ ደብድበው ወጡ።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አወጣ። ‹የማማሰያውን ሲጥሲጥታ መጠገን የኔ ሥራ ይሁን› አለ። አንድ ዓመት ሙሉ በስብሰባዬ ሲያንጎላጅ ከርሞ! እስከ ዓርብ ቀን ሰጠሁት። ዛሬ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።»

«ጠዋት ምን አደረግሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው ፋብሪካውን ዞርኩ። ያለቦታው የተቀመጠውን ሁሉ ወደ ቦታው መለስኩና ቢሮ ገባሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው የስም ካርዱን ማስነሻው ላይ ይሰቅላል፤ ደንቡ ነው። የአባቴ ካርድ አልነበረም።»

ግራሲኤላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌላ አልጠየቀችም።

ጣፋጩን በቅጠል የምትጠቀልለው ኦፌሊያ እያለቀሰችም ቀልዷ አልተዋትም።

«ካርድ? ዶን ኤቬሊዮ? ለጳጳስ ያላወለቁትን ባርኔጣ ለዚያ ጎላ ብቻ ነበር የሚያወልቁት!»

«ግድግዳው ላይ ሰቅለውት ያውቃሉ?»

«አንድ ቀንም! ‹ግድግዳ ባርኔጣ ያደርጋል እንዴ?› ይሉ ነበር።»

«ልጃቸው ባርኔጣው ማስነሻው ላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች?»

«ማን ይነግራታል? እሳቸው ካርዷን የናቁባት እንዳይመስላት ደብቀዋታል። አንሴልሞ ትናንት በስብሰባው ሊነግሯት ነበር፤ አፋቸውን አዘጋቻቸው።»

«አንሴልሞ ዛሬ ሲጮኹ እጃቸው እንዴት ነበር?»

«ከመፍጫው መምጣታቸው ነበር። እስከ ክርናቸው ዘይቱን በዘይቱን! ‹አበ ልጄ! አበ ልጄ!› እያሉ ጎላው ውስጥ ዘለው ገቡ።»

ግራሲኤላ ግቢ ወጥታ ብቻዋን ቆመች። ዝም ብትል ንጹሕ ሽማግሌ ወህኒ ይወርዳል። ብትናገር ደግሞ ያቺ ልጅ ዳግመኛ ሰው አትሆንም። ሥራዋን ጠላችው። ቢሆንም ተመልሳ ሦስቱንም ማሸጊያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዶን አንሴልሞ፣ ቁልፉን የተጫኑት እርስዎ ነዎት» አለች። «የእጅዎ ዘይቱን እዚያው አለ። ባርኔጣውን ግን አልነኩም።»

«ነክቻለሁ!»

«በዚያ እጅ? ባርኔጣው እኮ እንደ ነጣ ነው።»

«ታ... ታጥቤ ነበር።»

«ታጥበው ሰቀሉት፤ ከዚያ እጅዎን እንደገና ዘይቱን ለቅልቀው ቁልፉን ተጫኑ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ሲደርሱ ማስነሻው ላይ ካርድም ባርኔጣም አልነበረም። ጎላው ባዶ ነው ብለው ተጫኑ። ማንንም መግደል አልፈለጉም።»

«ታዲያ ባርኔጣውን ማን አነሳው?» ማሪሴላ ኦፌሊያ ላይ አፈጠጠች። «አንቺ ነሽ?»

«ኦፌሊያ ትርጉሙን ታውቃለች» አለች ግራሲኤላ። «ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው፣ ደግ ከሆነ አይነካውም፤ ክፉ ከሆነ አንስቶ የትም ይጥለዋል። ይህን ያነሳው ሰው ግን በተሳለለት ቦታ አስተካክሎ ሰቅሎታል። ለዚያ ሰው ባርኔጣው ምልክት አልነበረም። ያለቦታው የተቀመጠ ዕቃ ነበር።»

«ኢንስፔክተር!» አንሴልሞ በካቴናው እጃቸውን አጣምረው ለመኗት። «ስለ ማርያም፣ እዚህ ላይ ይብቃሽ። አምኛለሁ እኮ! ውሰጂኝና እንሂድ።»

ማሪሴላ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«አቧራ ነበረበት» አለች በቀስታ። «አራገፍኩለት።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኦፌሊያ ሮጣ ደገፈቻት። ግራሲኤላ የሽማግሌውን ካቴና ፈታች።

«ያውቁ ነበር?» አለች ማሪሴላ ከወለሉ ላይ ሆና። «የሰቀልኩት እኔ መሆኔን?»

አንሴልሞ አጠገቧ ተቀመጡ። «እንደ ጮኽኩ ዞር ስል ባርኔጣው ግድግዳው ላይ ነው። ሌላ ማን ይሰቅለዋል?»

«እና ሊታሰሩልኝ?»

«እኔ አርጅቻለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ።»

ለረጅም ጊዜ ካለቀሰች በኋላ ድንገት ቀና አለች። «ትናንት... በስብሰባው ላይ ሊናገሩ የፈለጉት... ተራው አልደረሰም ያልኩዎት... ይህንን ነበር?»

ኦፌሊያ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ሽማግሌው የክርስትና ልጃቸውን ዓይን ዓይኗን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኧረ አይደለም፣ ልጄ። ስለ እንፋሎቱ ቧንቧ ነበር።»

ማሪሴላ ወደ ግራሲኤላ ዞረች። «እውነታቸውን ነው?»

ግራሲኤላ ሲነጋ ጀምሮ የኚህን ሰው ውሸት አንድ በአንድ ስታፈርስ ነበር።

«አዎ» አለች። «እውነታቸውን ነው።»