በባዶው ከበሮ ውስጥ የዞረችው ድንጋይ

የልጅ ልጆቼ ለበዓል ከአዲስ አበባ በመጡ ቁጥር መስኮቱ ላይ የደረደርኳቸውን ድንጋዮች እያገላበጡ፣ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት አለሰለሳችሁት? ለምንስ ተዋችሁት?» ይሉኛል፤ እስከ ዛሬ «ደከመንና ተውነው» እያልኩ አልፋቸው ነበር፣ ዘንድሮ ግን ትንሿ «ንገሪንና እኔ ልጻፈው» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እኔ እንደሆነ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እንግዲህ እንደመጣልኝ ልናገረው፣ እናንተም እንደ ጎረቤት ሆናችሁ ስሙኝ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም። ጊሼ ተወልጄ፣ እዚሁ ራቤል አጠገብ አርጅቼ፣ ጅብ ስሜን ጠራኝ የሚለውንም፣ ከገደሉ ሥር መብራት አየሁ የሚለውንም ስሰማ «ጠጥተህ ነው» ብዬ የምስቅ ነኝ። የሞቱትም በእግዚአብሔር እጅ ናቸው፣ እኛን የሚያስቡበት ጊዜ የላቸውም እል ነበር። እመኑኝ፣ ዛሬም ቢሆን ምን እንደነበር አላውቅም፣ የማውቀው በጆሮዬ የሰማሁትንና በእጄ የያዝኩትን ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። መርሐቤቴ ተድራ ሄዳ፣ እኔ ገና ጥርሴን ሳልነቅል ነው ተፈትታ የመጣችው፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ባል አላገባችም፣ ልጅም አልነበራትም፣ የኔን ልጆች አዝላ አሳደገች። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን፣ ብዙም ሳንቆይ ዓይኗን ሞራ ጋረደውና ጨለመባት፣ ሐኪም ቤት ብንወስዳት ዘግይታችኋል አሉን። ስፌት እንደ እሷ የሚሰፋ አልነበረም፣ የአለላውን ቀለም መለየት ሲያቅታት ወስፌዋን ለጎረቤት ሰጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። የምትበላው ተለምና ነው፣ ሳወራት «እ» ብቻ ነው የምትለኝ፣ ሰው በቁሙ እንደዚያ ሲያልቅ ከማየት እግዜር ያውጣችሁ።

ያስነሳት ድንጋይ ነው፣ አትሳቁ። እኛ አገር ገደል ለገደል ኦፓል የሚቆፍሩ ጎልማሶች አሉ፣ ቀለም የሌለውን ድንጋይ እየጣሉት ይሄዳሉ። የልጄ ባል ታደለ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፣ እጁ የማይፈታው ነገር የለም፣ አዲስ አበባ ድንጋይ የሚያለሰልሱ ሰዎች ዘንድ ያየውን በልቡ ይዞ መጣና፣ ከተጣለ ሞተር፣ ከአሮጌ ቺንጊያና ከወፍራም የቀለም ባልዲ አንድ የሚሽከረከር ነገር ሠራልን፣ የባልዲውን ውስጥ በካላማዳሪ ጎማ ለበጠው።

«ምን ያደርግልናል?» አልኩት።

«ምንም አያደርግም እማማ፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው» አለኝ፣ «እትዬ የሺ ይዳስሱት።»

ድንጋዩን ከውሃና ከአሸዋ ጋር ትከቱታላችሁ፣ ሲዞር ሲዞር ይሰነብታል፣ ታጥቦ ደግሞ በደቃቅ አሸዋ፣ መጨረሻ ላይ በተነፋ አመድ ይዞራል፣ ያ ጎርባጣ ባልጩት እንደ ዓይን ብሌን አብርቶ ይወጣል። እኔ እግሬ መቀመጥ አያውቅም፣ ወንዝ ለወንዝ እየዞርኩ፣ ገበያም ስሄድ ጓደኞቼን አስቁሜ እያጎነበስኩ እለቅማለሁ፤ መቼ ይበቃዋል የሚለውን የምትፈርደው ግን እትዬ የሺ ናት። በአውራ ጣቷ ታሸዋለች፣ ከዚያ ታችኛው ከንፈሯ ላይ ታስኬደዋለች።

«ይሄኛው ገና ጢም አለው፣ መልሺው!» ትለኛለች።

«እትዬ፣ ይበቃዋል እንጂ፣ እኔ ሳየው ያበራል።»

«ዓይን ምን ያውቃል? መልሺው ብያለሁ፣ ጢሙን ሳይላጭ ሙሽራ ልታደርጊው ነው?»

ያንን ባልዲ ከበሮ ነበር የምንለው። የነፍስ አባታችን በደጃችን ሲያልፉ ያንን ሸርርር የሚል ድምፅ ይሰሙና፣ «እናንተ ቤት ደግሞ ማኅሌቱ አያልቅም?» ይላሉ፣ እትዬ የሺ ከውስጥ ሆና «ይግቡና ያሸብሽቡ እንጂ አባቴ!» ትላቸዋለች። ሳቋ ተመለሰ፣ ምግቡም ተመለሰ። ታዲያ መብራት ሄዶ ከበሮው ሲቆም ፊቷ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ለዚህ ነው መብራት በጠፋ ቁጥር የምጨነቀው፣ ጨለማውን ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ እህቴን እንዳላጣት ነው።

ያ ነገር የሆነው በነሐሴ ነው፣ በፍልሰታ። ዝናቡ የመብራቱን እንጨት ጥሎት ሰንብቷል፣ ጭቃው ከበሮው ውስጥ ከቆመ እንደ ሲሚንቶ ስለሚደርቅ ድንጋዮቹን አውጥተን፣ ባልዲውን አጥበን፣ ክዳኑን ከድነን ጓዳ ትተነዋል። ባዶ ነበር፣ በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት። በዚያን ቀን እትዬ የሺን ለጭቃው ብዬ ቤት ትቻት ቅዳሴ ሄድኩ፣ ስመለስ ጉሙ ወርዶ የራሴ እግር አይታየኝም፣ አጥሩን በእጄ እየዳሰስኩ ነው የመጣሁት፣ ደጁ ጋ ስደርስ የከበሮውን ድምፅ ሰማሁ።

መብራት መጣ ብዬ ደስ አለኝ፣ እሰይ፣ ዛሬ ትበላለች አልኩ። ጥቂት ቆም ስል ግን ድምፁ ልክ አልመሰለኝም። የኛ ከበሮ ሲዞር ብዙ ድንጋይ አንድ ላይ ነው የሚንከባለለው፣ ይሄ ግን የአንድ ድንጋይ ድምፅ ነው፣ ጎማው ላይ ወጥቶ ወጥቶ ጠብ ይላል፣ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ጠብ። ሞተሩም እንደ ወትሮው አያጉረመርምም።

ገባሁ። እትዬ የሺ ከመደቡ ወርዳ መካከል ቤት ቆማለች፣ ጆሮዋን ወደ ጓዳ ቀስራለች።

«እትዬ፣ መብራት መጣ እንዴ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያዞረው?»

«አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለችኝ፣ «ከወጣሽ ጀምሮ ነው የምሰማው፣ ብጠራሽ ዝም አልሽኝ።»

አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁ፣ ጨለማ ነው። ወደ ደጅ ልመለስ ነበር፣ ግን እሷ ቀድማኝ ግድግዳውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትሄድ ምን ልሁን፣ ተከተልኳት። እመኑኝ፣ ከበሮው ቆሟል። ቺንጊያው ላይ እጄን አሳረፍኩ፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፣ ንቅንቅ አይልም፤ ከውስጥ ግን ያ ድምፅ አለ፣ ወጣ ወጣ ይልና ጠብ። እትዬ የሺ ጉንጯን ባልዲው ላይ አሳርፋ ስታዳምጥ ቆየችና «ክፈቺው» አለችኝ።

«አልከፍትም፣ አይጥ ሊሆን ይችላል።»

«አይጥ እንዲህ አይሄድም። ክፈቺው፣ የኔ እመቤት።»

በስመ አብ ብዬ ክዳኑን ሳነሳው ድምፁ ቆመ። ከታች አንዲት ድንጋይ አለች፣ እንቁላል የምታክል፣ ግራጫ፣ ከዚህ አገር ባልጩት አይደለችም፣ እኛ ከለቀምነውም ውስጥ እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም። ባነሳት ደረቅ ናት፣ ደግሞ ዶሮ አሁን እንደተነሳችበት እንቁላል ትሞቃለች። ወዲያው ለእህቴ ሰጠኋት።

እትዬ የሺ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ብቻ አሸቻት፣ ከንፈሯ ጋ እንኳ አላደረሰቻትም። እዚያው ጓዳው ውስጥ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፣ ድንጋይዋን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ ዓይነት ድምፅ ዝቅ አድርጋ «መንገዱን እንዴት አወቅሽው?» አለች።

«የቱን መንገድ እትዬ? ከቤተ ክርስቲያን እኮ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ድንጋይዋን መቀነቷ ውስጥ ጠቀለለቻት፣ እጇን ይዤ አስነሳኋት፣ ያን ቀን ያለ ልመና በላች።

መብራቱ ሲመጣ ድንጋዮቹን አጥቤ፣ አሸዋውን ነፍቼ፣ «እንጀምር» ስላት «እኔ ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ድንጋይ አላሽም» አለችኝ። ብለምናት፣ «አንቺ ጢማም ሁሉ እየለቀምሽ አምጥተሽ ጣቴን ጨረስሽው» ብላ በቀልድ አለፈችኝ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ከዚያ ባልዲ ጋር ጓዳ መግባት እየፈራሁ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው፣ ጠበል ረጩልንና «ድንጋይ ድንጋይ ነው ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። የፈራሁት፣ ማለቴ ወደ ግድግዳው መዞሯ፣ አልሆነም። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ አንድ እጇን መቀነቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ ሰጥታ ትውላለች። እንግዲህ ደህና ናት፣ ከበሮው ምን ይሠራልናል አልኩና ለታደለ «ውሰደው» አልኩት፣ ሞተሩን ዓለም ከተማ ለቢላ መሳያ አዋለው።

ምን ነበር ብጠይቃት? ስንት ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ሰው ሰርግ ሳወራ ውያለሁ፣ ያችን አንዲት ጥያቄ ግን አፌ ላይ አድርሼ እመልሳታለሁ፣ ብትነግረኝ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ ብዬ ነው። እሷም ጠይቂኝ የምትል ይመስል አንዳንዴ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ተነስቼ ውሃ እቀዳለሁ።

ከድንጋይዋ ነገር በኋላ በሁለተኛው ክረምት፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት፣ «ያችን ከበሮ እስቲ አስነሺልኝ፣ ድምፅዋን እየሰማሁ ልተኛ» አለችኝ።

«ታደለ ወስዷት የለ እንዴ እትዬ!»

«ኧረ? ይሁን» አለች። ይቺ «ይሁን» ናት እስከ ዛሬ የምትበላኝ። ሰው ለእህቱ አንድ አሮጌ ባልዲ ማቆየት ያቅተዋል? ለመስቀል ሳትደርስ አረፈች፣ ሲገንዟት መቀነቷን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ምንም አልነበረበትም፣ አልጋውን፣ መደቡን፣ ደጃፉን ፈለግሁ፣ የለችም። ዛሬም ወንዝ ስወርድ ጥሩ ድንጋይ ካየሁ አነሳና ጥቂት አብሬው እሄዳለሁ፣ ከዚያ የሚዳስሰው የለም ብዬ አስቀምጠዋለሁ።

ለሰባት ዓመት ተዝካሯ ከመርሐቤቴ አንዲት መነኩሲት መጡ፣ የድሮ ባሏ እህት ነኝ አሉኝ። ሰው ሲበተን ወደ ጥግ ጠሩኝና «የሺ ሴት ልጅ ነበረቻት፣ ታውቂያለሽ?» አሉኝ፤ አላውቅም፣ እናቴም አባቴም እንዲህ የሚል ነገር ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች፣ ስለዚህ ፍትሐት የለ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ የለ፣ የልጅቷ አባት ማሳው ግርጌ ቀበራት፣ የሺ ከወንዝ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አምጥታ ላይዋ አኖረች። ሥራ ስትጨርስ በየቀኑ እዚያ ቁጭ ትላለች፣ ያችን ድንጋይ በመዳፏ ታሻታለች፣ ስታሻት ስታሻት እንቁላል አስመሰለቻት፣ በመጨረሻ የባሏ እናት «ይህቺ ልጅ የተጋባችው ከድንጋይ ጋር ነው» ብለው ወደ አባቷ ቤት መለሷት፣ ድንጋይዋን ይዣት ልሂድ ብትል ከለከሏት አሉኝ።

«ድንጋይዋስ አሁን እዚያው ናት?» አልኳቸው።

«ወዴት ትኖራለች ልጄ» አሉኝ መነኩሲቷ፣ «ያን ማሳ እኮ ናዳ ወሰደው። የሺ ከማረፏ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ነው፣ በፍልሰታ፣ እኛ ቅዳሴ ላይ ሳለን።»